ሦስት ጊዜ የተለካ የእግር ጣት

አምና አጨዳ ላይ ወደቅሁ። ከታጨደ ሰሊጥ የቀረ ጉቶ ጫማዬን ያዘውና ከነውሃ ጣሳዬ ተዘረጋሁ። ከፈሰሰው ውሃ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። ልጄ ግን ዓመቱን ሙሉ ስታነሳው ኖረች።

እርሻችን አብርሃ ጅራ አጠገብ ነው። በአጨዳ ጊዜ ከደጋ ለሚመጡት ሠራተኞች ውሃ የማድለው እኔ ነኝ። ከጎጃም የመጣውም ከወሎ የመጣውም በአንድ ጣሳ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ነው የሚጠጣው። ልጄ ብታድል ለሚያስቃት ታበዛለች። ስለዚህ ዘንድሮ መተማ ዮሐንስ ቀርተሽ ቤታችንን ጠብቂ ስትለኝ አልተስማማሁም።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ባለሙያ የእግር ጣት ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ይዞ ወደ ሰፈራችን ጤና ኬላ መጣ። መሣሪያው ጣውላ ላይ የተገጠመ ቀጭን ብረት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ብረቱን በጣቶችህ ጨብጠህ ትስባለህ፤ ኪሎው በትንሽ መስኮት ይወጣል። መሬቱን የሚይዘው ጣት ነው፣ ጣቱ የደከመ ሰው ቶሎ ይወድቃል አለን። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው የሚታመን መሆኑን ማወቅ ነበረበት። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ይለካል፣ በሳምንቱ ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች ይለካል። ቁጥሩ ከተቀራረበ መሣሪያው ደህና ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ ፍርዱን ለመሣሪያው ሰጠችው። የእሷን ግማሽ ከሳብሁ እርሻ እሄዳለሁ፤ ካልሳብሁ እቀራለሁ። ግማሽ ማለቷ ንቀት መሰለኝ፤ ግን ተስማማሁ።

በእኛ ቆላ ተረከዝ እንደ ግንቦት ዋልካ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ እግር ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ነው። ጠዋት ታጥቤ እግሬን እስከ ጣቶቼ መሐል በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። ጤና ኬላው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እግራቸው ሁሉ ያብረቀርቅ ነበር። ወጣቶቹ ከጭነት መኪና ላይ ወርደው ከነአቧራቸው ነው የመጡት። ልጄም ከገበያ እንደዚያው መጣች።

እሷ አሥራ አንድ ኪሎ ሳበች። እኔ ሦስት። ብረቱን ስጨብጠው ጣቴ ሙልጭ ይላል። እርጅና እንዲህ ነው ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁ።

በሳምንቱ ዘይቱ ከቤት አልቆ ስለነበር በደረቅ እግሬ ሄድሁ። ልጄ እንደገና አሥራ አንድ፣ እኔ ሰባት። ልጄ ጣራ ጣራውን አየች። ባለሙያው ግን አልተደሰተም። መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላበጠና፣

«እማማ፣ የእርስዎን ቁጥር ከመዝገቡ ባወጣው ይሻላል። አንድ እግር በሳምንት ውስጥ እንዲህ አይጠነክርም» አለኝ።

«እግሬ አልጠነከረም። ባለፈው ዘይት ተቀብቼ ነው የመጣሁት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። አግዳሚው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሁሉም ተቀብተዋል። አንድ ሽማግሌ ዘይት ስላጣ በቅቤ መምጣቱን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ባለሙያው ስንት ቀን ሙሉ የለካው የሽማግሌን ጉልበት ሳይሆን የዘይትን ማንሸራተት ነበር።

እንደ አዲስ ይጀመር አልሁ፤ ወጣት ሽማግሌ ሳይባል ሁሉም በሳሙና ይታጠብ፣ በፎጣ ይድረቅ። ተቀበለኝ። በዚያው ሌላ ነገርም ነገርሁት። ልጄና ወጣቶቹ ሲስቡ የወንበሩን ጠርዝ በእጃቸው ጨብጠው ወደ ኋላ ይለጠጡ ነበር፤ ያ የጣት ጉልበት አይደለም። እጅ ደረት ላይ ይታጠፍ አልሁ።

«እርስዎም ዛሬ ይዘው ነበር» አለኝ።

«ይዣለሁ። ለኔም ይታጠፍ።»

በማግስቱ እጃችንን አጥፈን፣ ታጥበንና ደርቀን ተለካን። ልጄ ዘጠኝ ሳበች። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም አራት። ባለሙያው በጣም ደስ አለው፤ መሣሪያው ታማኝ ሆኖለታል። የዘጠኝ ግማሽ አራት ተኩል ነው። ይህን ለማወቅ ያለኝ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መንገድ ላይ፣ «እማ፣ ግማሽ ኪሎ ምን አላት? ትቼልሻለሁ፣ ነይ» አለች።

«ለሠራተኛ ግማሽ ጣሳ አጉድዬ ምን አላት ብዬ አውቃለሁ?»

አጨዳው ሲደርስ ጣሳውን ሰጥቻት ቀረሁ። እስከ አፉ እንድትሞላ ነግሬያታለሁ። በስልክ ስጠይቃት እየሞላሁ ነው ትላለች፤ ከኋላዋ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት የጣት ጉልበት እንዴት እንደሚጨምር ጠይቄው ነበር። ፎጣ መሬት ላይ ዘርግቶ በጣት እየሰበሰቡ ወደ ራስ መጎተት ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እጎትታለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነት ቀንሰው ያዩኛል። ከርሞ መሣሪያውን ይዞ እንደሚመለስ ነግሮናል፤ ከልጄ ጋር ውላችን በግማሹ እንደጸና ነው።

ትናንት ፎጣውን መሐል ለመሐል ቀደድሁና ግማሹን ወደ አብርሃ ጅራ በሚሄድ መኪና ለልጄ ላክሁላት። ሳትለማመድ ባሸንፋት ማሸነፍ አይባልም።