ያልታረሰችው ጥግ

አባባ ባየህ እስራኤል አገር፣ ሻዓራይም ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የልጅ ልጃቸው ሊራዝ በኮምፒውተሯ የምታሳያቸውን የሳተላይት ፎቶ በቁጣ ያያሉ። "ይሄ የኛ መንደር አይደለም" አሉ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ለብሷል፤ የከብቱ ግጦሽ እስከ ገደሉ አፋፍ ታርሷል፤ የሣር ክዳኑ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል።

"ቤሰደር፣ እሺ አባባ፣ ወንዙን ይከተሉ" አለቻቸው ዕብራይስጥ እየቀላቀለች።

በጣታቸው ተከትለው ወጡ። ከእርሻው መሃል አንዲት ጥግ ብቻ ሳትነካ ቀርታለች። የወይራ ዛፎቹ ናቸው፤ ከጥላቸው ሥር የቤተ እስራኤል መቃብር አለ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሡ ለክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ለስመኘው "አደራ" ያሉት ይህንኑ ነበር። ሰው መሬት ሲጠበው ምን አደራ ያውቃል እያሉ ግን ስንት ዓመት ሲያሙት ኖረዋል።

ሊራዝ ፎቶዎቹን ከድሮ እስከ ዘንድሮ አሳለፈችላቸው። ማሳው በየዓመቱ እየሰፋ ይመጣል፤ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል።

አባባ ባየህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ስመኘው፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ ወደ ኮምፒውተሩ። ቆይተው ወደ ሊራዝ ዞሩ። "እሱ እንኳ ቢሞት፣ እዚያ ጋ ሲደርስ በሬውን የሚመልስ ልጅ አሳድጓል።"