ሪምጋውዳስ ለማን ይጮህ እንደነበር

በመንደራችን በላፕጊሪያይ፣ በሙታን ቀን ማንም ሳያስጠነቅቅ ነገር አይወረውርም። አመድ የሚያፈስም እጣቢ የሚደፋም አስቀድሞ «ዞር በሉ!» ይላል። ያን ቀን ሙታኑ በየግቢው ናቸውና። ሪምጋውዳስ ይህን ያወቀው አፉን ሳይፈታ ነው። አንድ ጊዜ ግን ረሳው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በዲስከስ ውርወራ የሊትዌኒያ ሻምፒዮን ከሆነ ገና ሦስት ወሩ። አባቱ በሞቱ በዓመቱ፣ በዚያው በሙታን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመቃብሩ አጥር ጎን ባለው ሜዳ ለልምምድ ወጣ። ጉሙ ሜዳውን ውጦታል። ተሽከረከረና ለቀቀው። ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ዲስከሱ መሬት ሲመታ አልሰማም፤ የሰማው አንድ ሰው በአጭሩ «እህ» ሲል ነው። እስኪመሽ ቢፈልግ ዲስከሱን አላገኘውም።

እናቱ ስታሴ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አስጠንቅቀህ ነበር?»

«ረሳሁ።»

«ውይ ልጄን! አባትህ ማዶ ቆሞ አልነበር እንዴ ዲስከሱን የሚመልስልህ? ታዲያ ዛሬ የት ይቆማል ብለህ ነው?»

ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ስታዲየም «ዞር በሉ!» ሳይል አልወረወረም። ሕዝቡ ይህን ወደደለት። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የገበያ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ በእሱ ድምፅ እየጮሁ መንገድ ያስለቅቁ ነበር። አሠልጣኙ ዜኖናስ ግን አልገባቸውም።

«አንተ ግንድ፣ ሜዳው ባዶ ነው! ማንን ነው የምታባርረው? ጥንቸል?»

«ጥንቸል ቢሆንማ ለራት እንፈልገው ነበር» ይላል ሪምጋውዳስ፤ አይስቅም።

ለአሥረኛው ድል ካውናስ ከተማ ላይ የመጨረሻ ውርወራው ቀረ። አንድ ጎረምሳ በክንድ ያህል ቀድሞታል። ዝናቡ አባርቶ ከወንዙ ጉም እየገባ ነበር። ዲስከሱን ሲያነሣ ስታዲየሙ በሙሉ «ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸና ሳቀ።

ከስድሳ ሜትሩ መስመር ላይ አባቱ ቆመዋል። የተቀበሩበትን ቡናማ ካፖርት ለብሰዋል፤ ግንባራቸው በአንድ ወገን ጎድጉዷል። አጠገባቸው ያለው ዳኛ ሰዓቱን ያያል።

«ዞር በሉ» አለ ሪምጋውዳስ፣ አሁን ብቻውን። አባቱ አልተነቃነቁም።

«ወርውር እንጂ! ጊዜህ አለቀ!» አሉ ዜኖናስ ከመከለያው መረብ ውጭ።

«ሰው አለ፣ አሠልጣኝ።»

«የቱ ጋ?»

ዲስከሱን መሬት ላይ አስቀመጠና ከመወርወሪያው ክብ በኋላ በኩል ወጣ። ጋዜጦች ጡንቻው ተበጥሶ ነው አሉ።

«አባትህ ተቆጥቶ ነበር?» አለችው እናቱ፣ ቤት ሲገባ።

«አይ። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እንደ ድሮው።»

በዚያ ዓመት የሙታን ቀን እናትና ልጅ ሻማ ይዘው የአባቱ መቃብር ዘንድ ሄዱ። እኛም ጎረቤቶቹ ከኋላቸው ነበርን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጠፋው ዲስከስ መቃብሩ ላይ ተቀምጧል። ሪምጋውዳስ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ከዚያም ለእናቱ አቀበላት።

ላዩ ውርጭ ይዞታል። ከሥሩ ግን ይሞቃል፤ ሰው በመዳፉ ይዞት እንደቆየ ነገር።