ጨረቃ፣ ደርሶ መልስ

ያን ሣጥን ዛሬም እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ባየው በድንጋይ ነው የምቀበለው። የሚስቅብኝ ይሳቅ፣ ግድ የለኝም።

በጥምቀት ሰሞን ነው በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው፤ ትልቅ የብረት ሣጥን፣ ጎኑ ላይ ኮከብና ሮኬት የተሳለበት። ከገበያው በታች ካለው ሜዳ ላይ አወረዱትና ጄኔሬተር ገጠሙለት። ውስጡ ወንበር ተደርድሯል፣ ከፊት ለፊት ስክሪን አለ። በሩ ሲዘጋ ስክሪኑ ሰማዩን ያሳያል፤ ወንበሩ ደግሞ ከሥሩ ባለው ሞተር ይናወጣል፣ ያጋድላል። ሣጥኑ ራሱ ግን ከሜዳው ስንዝር አይሄድም። ባለቤቱ አንድ አፈ ጮሌ ጎረምሳ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ሚኒባስ ረዳት "ጨረቃ፣ ጨረቃ፣ ደርሶ መልስ" እያለ ይጣራል።

አባቴ ያኔ እኔ ዘንድ ነበሩ። ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ፣ ዕድሜ ልካቸውን ገብስና ባቄላ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉበታቸው ታሞ ባሕር ዳር ድረስ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ እሳቸውን ውጭ አስቀምጦ "ቤት ወስደሽ አሳርፊያቸው" አለኝ። ስወጣ አባቴ ፊቴን አይተው "አውቄዋለሁ፣ አትንገሪኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይቆርቡ እንዳይሞቱ።

እኛ አገር ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው። መካከል ላይ ያለው ሰው "ከቆረብኩ በኋላ ብበድልስ" እያለ ይፈራል፣ ነገ ነገ ይላል። አባቴም ሲያዘገዩት ኖረው ነው እዚህ የደረሱት። የነፍስ አባታቸው አብሮ አደጋቸው ናቸው፣ የስማዳ ቄስ። ለዚሁ ብለው ከወገዳ በዚያ በተበላሸ መንገድ እየተንገጫገጩ መጡ። ንስሐቸውን ተቀበሏቸው፤ በጥምቀት ማለዳም ታቦቱ ባደረበት አባቴ ቆረቡ።

እኔን ተደግፈው ሲመለሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ፊታቸው እንዲያ በርቶ አይቼ አላውቅም፣ እናቴ በሕይወት ሳለችም ቢሆን። የቆረበ ሰው ያን ቀን አይተፋም፣ እንቅፋት እንዳይመታው ይጠነቀቃል፣ ሩቅ መንገድም አይሄድም። እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ከደጄ ጠጠር ስለቅም ነበር።

ከሰዓት ታቦቱን እንሸኝ አሉ። ባጃጅ ያዝን፣ ቄሱም አብረውን ነበሩ። ሸኝተን በዚያ ሜዳ በኩል ስንመለስ ጎረምሳው ይጣራል፤ አፉ አይዝልም። አባቴ ባጃጁን አስቆሙት።

"ሰማይ ያሳያል ነው የሚለው?"

"ሲኒማ ነው አባባ፣ ይቅርብዎ።"

"ልሄድበት ያለሁትን አገር ቀድሜ ባየው ምን አለበት?" አሉና ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። እንዴት አድርጌ እንቢ ልበላቸው?

ወደ ቄሱ ዞርኩ። "አባ፣ ዛሬ መንገድ አይሄዱም አይደል?"

ቄሱ ወርደው ሣጥኑን ዙሪያውን አዩት። ጎማ የለውም። "ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ምን መንገድ አለው? መቀመጥ ነው። ግባ አንተ ሰው፣ እኔም አብሬህ እገባለሁ" አሉ።

ገባን። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር። ምድር ከሥራችን እየራቀች ሄደች። አባቴ በስብከት የሰሟቸውን ሰማያት እየጠሩ "ይቺ ኤረር ናት? ራማስ ወዴት ናት?" ይላሉ፤ ቄሱ "ዝም ብለህ እይ" ይሏቸዋል። ከዚያ አለት የሚያህል ድንጋይ መጣብን። ወንበሩ አጋደለ፣ ቁልቁል ጣለን፣ መልሶ አነሣን። አባቴ እጄን ጨመደዱት። "አስቁሚው" አሉ። ጮኽኩ፤ በዚያ ጄኔሬተር ላይ ማን ይስማኝ። ዞር ስል አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነዋል። ታገሉ፣ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም።

በሩ ሲከፈት ነጠላቸውን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠብታ እንኳ መሬት አልነካም። ጎረምሳው "ምንም አይደል አባባ፣ ብዙ ሰው ያስመልሰዋል" አለ። በጥፊ ልለው እጄን ሳነሣ ቄሱ ያዙኝ። እሱስ ምን ያውቃል። የቆረበ ሰው ካስመለሰ፣ ያ ነገር እግር እንዳይረግጠው ይቃጠላል። ቄሱ ነጠላውን ተቀብለው ጓሮዬ ውስጥ አቃጠሉት፤ አባቴ አመድ እስኪሆን ቆመው አዩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ቄሱ "በሽታ ነው እንጂ በደል አይደለም" ቢሏቸው አባቴ አልሰሙም። "ልጁ እኮ ደርሶ መልስ ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር" አሉ። ቀኖና ስጡኝ አሉ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፣ ከነስግደቱ። ቄሱ ለታመመ ስግደት የለም ብለው ቢከራከሩ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በመጨረሻ ቄሱ ተሸነፉ። "ፈጽመው፣ ለኪዳነ ምሕረት አቆርብሃለሁ። ግን ግማሹ የኔ ነው፤ ግባ ያልኩህ እኔ ነኝ" አሉ።

ቄሱ ወገዳ አልተመለሱም። ሁለቱ ሽማግሎች ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ሲሰግዱ እኔ ማድ ቤት ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ሣጥኑንም፣ ጎረምሳውንም፣ አንዳንዴም እግዜርን እቆጣለሁ። ብዙም ሳይቆይ አባቴ መነሣት አቃታቸው። ቄሱ "ተኛ፣ ያንተንም እኔ እሰግደዋለሁ" አሏቸው። የራሳቸውን ሲጨርሱ "ይህ ያንተ ነው" ብለው ይቀጥላሉ። አባቴ ከአልጋቸው ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሏቸዋል።

ለኪዳነ ምሕረት ጥቂት ቀን ሲቀር፣ አንድ ረፋድ ላይ ውኃ ይዤ ስገባ የአባቴ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ቄሱ ለአልጋው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ምሥራቅ ይሰግዳሉ።

"አባ" አልኩ፤ "አርፈዋል እኮ።"

ቆም አሉ፤ ዞረው ግን አላዩም።

"ሰምቻለሁ፣ ትንፋሹ ሲቆም ሰምቻለሁ። ቆዪ ልጄ፣ የሱ ገና አላለቀም" አሉና ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አደረጉ።

ጎረቤት ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ውኃውን እንደያዝኩ፣ እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው።