የበያጁ ግራ ጉንጭ

አፍጣጩ ነበር የምንለው። ሲወለድ ያወጡለት ስም አለው፣ ግን ማን ጠርቶት ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተደፍቶ ስለሚውል፣ መንገድ ላይም ሰው ሲያገኝ እንደዚያው አፍጥጦ ነው የሚያየው። አንድ ቀን እኔን እንዲያ ሲያየኝ፣ «ምን ጎደለብኝ ልጄ? ጥርስ ከሆነ እኔም አውቃለሁ» አልኩት። ሳቀ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር። አሁን እሱም ሰፈሩን ለቋል፣ እህቱም አፈር ሆናለች፤ ባወራው የሚከፋው የለም።

ሥራው የሠራተኞች መዝገብ ቤት ነበር፤ ምድር ቤት፣ በመስኮቱ የሰው ጫማ ብቻ የሚታይበት ክፍል። ድሮ የሠራተኛውን ሁሉ ፎቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገቡት፣ ቦታ እንዳይፈጅ ብለው ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ አድርገውት ኖሯል። መሃል የሚባል የለም። እሱ ታዲያ ያንን አንድ በአንድ እያወጣ፣ አመድማውንም ዳመናማውንም ለይቶ ወደሚያሳየው ወደ አዲሱ ዓይነት ይለውጣል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን አስረድቶኛል። ነጥቦቹ ተበታትነው ከተቀመጡ፣ ጥቁር አዝሙድና ሰሊጥ ትሪ ላይ እንደደባለቁት ነው፤ ራቅ ሲሉ ግራጫ ይመስላል፣ ከዚያ ፊት ይወጣል። ጥላው ሁሉ ባንዴ ጥቁር ከተደረገ ግን አለቀ። ያልተቀመጠ ነገር ከየት ይመጣል?

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር፣ ከእኔ ግድግዳ ማዶ። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ወንድሟ በሚሠራበት ድርጅት በያጅ ነበር፣ ሞቶባታል። ቤታቸው ጎርፍ የገባ ጊዜ የባሏ ፎቶዎች በሙሉ እንደ ሊጥ ተጣብቀው ተጣሉ። አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ፣ «ወንድሜ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ፣ እጁ አለ፣ ፊቱ የለም» አለችው። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ ግድግዳው ነው ስስ።

ፈለገና መዝገብ ቤት አገኘው፣ በያጁን ከነቱታው። ግን ያ ክፉው ዓይነት ሆነና ግራ ግማሹ ጥቁር ነው። ቢለውጠው ቢገለብጠው ጥቁሩ ያው ጥቁር። እህቱ ደግሞ ከሥራ በገባ ቁጥር እጁን እጁን ታያለች። መጨረሻ ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሌላ ሰው ፎቶ ጉንጭና ዓይን ቆርጦ ሞላበት፣ ግራጫውን አመሳሰለና አትሞ አመጣላት።

አለቀሰች። «እሱ ነው» አለች። ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ሰቀለችው።

እኔ በማግስቱ ለማየት ገባሁ፤ ጎረቤት አይደለሁ? አንዴ ባየው ገባኝ። በያጁ ግራ ጉንጩ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የበላው ጠባሳ ነበረው፣ ጥፍር የሚያክል። ይሄኛው ጉንጩ የሕፃን ነው። አፍጣጩን በረንዳ ላይ ያዝኩና፣ «የማንን ጉንጭ ነው የሰቀልክላት?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «የማላውቀው ሰው ነው እማማ። እሱም ሞቷል አሉ። ጠባሳውን እኔም ረስቼው ነበር» አለኝ።

«ንገራት» አልኩት።

እሁድ እነሱ ቤት ሻይ ስንጠጣ እንደምንም ጀመረ። «እታለም፣ ባልሽ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረው አይደል?»

«ማን?» ቀና ብላ ፎቶውን አየች። «ኧረ ምን ነካህ። ጉንጩ እንዲህ ለስላሳ ነበር። በእጄ እየዳሰስኩት አይደል የኖርኩት? እርስዎስ እማማ፣ ጠባሳ ያስታውሳሉ?»

እሱ በዓይኑ ለመነኝ፤ የቱን እንደሚለምነኝ ግን አልለየሁም። አፌ ላይ የመጣ ነገር ተመልሶልኝ አያውቅም። የዚያን ዕለት ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«እኔ ምኑን አስታውሳለሁ ልጄ» አልኳት። «አርጅቻለሁ።»

እሱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። እሷ መርፌው ላይ ክር አስገባችና፣ ፎቶውን ቀና እያለች እያየች መስፋቷን ቀጠለች።