ጸበልስ?

የማደንዘዣ ሐኪሟ መርፌውን እንደያዘች «ልጅቷ ዛሬ የቀመሰችው ነገር አለ?» ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀች።

የአራት ዓመቷ ልጄ ሳራ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ካለው ሱቄ ያነሳችው የሰዓት ባትሪ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሊያወጡላት ነው።

ባለቤቴ «ምንም!» አለች።

ነጋዴ ነኝና «ምንም» ሲሉኝ ደግሜ መጠየቅ ልማዴ ነው። «ጸበልስ?» አልኳት በአማርኛ።

«አንተ ደግሞ! ጸበል ምግብ ነው እንዴ? ስንወጣ ግማሽ ብርጭቆ አጠጥቻታለሁ።»

ስተረጉምላት ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። ባትሪው ስለሚያቃጥል መጠበቅ አይቻልም፤ ውሃው ደግሞ ተኝታ ሳለች ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ውሃ መምጠጫ አስመጥታ፣ መተንፈሻዋን የሚጠብቅ ቱቦ አዘጋጅታ ይዛት ገባች።

ሃያ ደቂቃ ከበሩ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ባትሪው ወጥቷል። ሳራ እየነቃች ነው። የጸበሉን ጠርሙስ ከእናቷ ቦርሳ አውጥቼ እኔ ይዣለሁ።

እናንተስ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ ከምግብ ሳትቆጥሩት የቀራችሁት ምን ነበር?