የክሬኑ ወንበሮች

ክረምቱ በገባ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋን ሰበረች። አጥንቱ በቀዶ ጥገና ተጠገነ፤ ሐኪሙ ግን ሲሸኛት፣ «እማማ፣ በየቀኑ ካልተራመዱ እግሩ ይደርቃል። ከደረቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም» አላት። ውጭው ዝናብና ጭቃ ስለሆነ የቀረው ቤት ውስጥ መራመድ ነበር። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን በስፌት መኪና ላይ የጨረሰች፣ መቀመጥን ሙያ ያደረገች ሴት ናት።

«ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ያየኝ ሁሉ አበደች ይለኛል» ብላ እምቢ አለች። ጎረቤቷ፣ «ኧረ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብትላት፣ «እንግዲያው እግር እስኪያወጣ እኔ ጋደም ልበል» አለቻት።

ባሏ ጡረታ የወጣ ጫኝና አውራጅ ነው። ቁም ሣጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ስለነበር ሰፈሩ «ክሬኑ» ይለዋል። አፉን ለመብል ካልሆነ አይከፍትም። አልመከራትም፣ አልለመናትም። አንድ ጠዋት ግን ሻይዋን ልትጠጣ ወጥ ቤት ብትገባ ስኳሩ የለም።

«ስኳሩ የት ሄደ?»

«መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ላይ።»

«ማንኪያውስ?»

«ሳሎን፣ በሩ ጋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ላም ባልዋለበት ኩበት ልታስለቅመኝ ነው?»

ክሬኑ ትከሻውን ሰበቀ። ለእሷ ሻይ ያለ ስኳር ከዳሌ ስብራት የባሰ ነውና እየተራገመች ሄደች። በማግስቱ መነጽሯ ጠፋ፣ ከዚያ መቀሷ። ጠረጴዛው ሳይቀር ቦታ እየለወጠ ቤቱ በየጠዋቱ አዲስ ሆነባት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እሷ ውስጥ ለውስጥ ትዞራለች፤ እሱ ጥግ ይዞ ያያታል።

አንድ ቀን አንድ ነገር ልብ አለች። ዳሌዋ «በቃኝ» ባለ ቁጥር እጇን ስትዘረጋ ወንበር አለ። ጥቂት ሄዳ ጉልበቷ ሲከዳትም ሌላ ወንበር። ወንበሩ አንድም ጊዜ ቦታውን አልሳተም። ክው አለች።

«እዚህ ጋ እንደሚደክመኝ በምን አወቅህ?»

«ዕድሜ ልኬን ተሸክሜ የለ? ሰው ሊደክመው ሲል መጀመሪያ የሚናገረው ትከሻው ነው። ያንቺ ቀኙ ዝቅ ይላል።»

የሰው ትከሻ ስትለካ የኖረችው ሴት፣ የራሷን ሲለካ የኖረ ሰው እቤቷ እንዳለ አላወቀችም ነበር። ጉድ ነው! ይህን ያህል ዘመን አብራው ኖራ፣ ፊቷ የቆመው ሰው እንግዳ ሆነባት። ተደነቀች፤ ትንሽም ፈራችው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ ወጥ ቤት ደፍ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ እጇን ብትዘረጋ አየር ጨበጠች።

«ወንበሩን ማን ወሰደው? ልትጥለኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ የመጣው ከጀርባዋ ነበር። «ሰሞኑን አልተቀመጥሽባቸውም እኮ። ዝም ብለሽ ነው የምታልፊያቸው።»

ዘወር አለች። ከአልጋዋ እስከ ቆመችበት ድረስ አንድም ወንበር የለም፤ ያን ሁሉ መንገድ ሳታርፍ መጥታለች። ክሬኑ ከኋላዋ ቆሟል፤ ኮቴውን ሳያሰማ ከአልጋዋ ጀምሮ ሲከተላት ነበር፣ ሁለት እጆቹን ከወገቧ ግራና ቀኝ እንደዘረጋ። አሁን አወረዳቸው።