የተቃጠለው የፊርማ ወረቀት

በወጣትነቴ ከተማርኩት ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ወረቀት ማቃጠል ነው። ያኔ በኅቡዕ ስንደራጅ አንዲት ጓደኛዬ የስም ዝርዝር ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘባትና ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም የሰፈረበት ወረቀት ያስፈራኛል።

ያሁኖቹ ልጆች ሌላ ናቸው። አየር ጤና መንገድ ዳር ለሚነግዱ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ይከፈት ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። መሪያቸው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ስብሰባውን በስልክ ትጠራለች፣ እየሳቀች ትመራለች። እኔን የጋበዙኝ ለልምዴ ነው። እኔም ልምዴን ሰጠኋቸው፦ «የሰው ስም ፎቶ አይነሳም፣ ኮፒም አይደረግም።» ቢስቁብኝም እሺ አሉ።

ወረዳ ሊያስገቡት ሁለት ቀን ሲቀር፣ ቤታቸው ሰው ስለሚበዛበት የጎረቤቴ ልጅ ወረቀቶቹን እኔ ዘንድ አስቀመጠች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ወጥ ልጥድ ስል አንድ የማላውቀው ሰው የግቢውን በር በድንጋይ ደበደበ። ስሜን ከነአባቴ ጠራ። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። በሩን የከፈትኩት ወረቀቶቹ አመድ ከሆኑ በኋላ ነው። ሰውዬው የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ነበር የመጣው፤ አንብቦ፣ ደህና ዋሉ ብሎኝ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ነገርኳት። እኔም በለመድኩት ወግ ግለ ሂስ ጀመርኩ፤ ከታሪካዊ ሁኔታው ተነስቼ ወደ ግል ድክመቴ ልወርድ ስል አቋረጠችኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ካሉ ይበቃል። ነገ በሁለት ሰዓት ይውጡ፤ አብረን እንዞራለን።»

አፈርኩ። በእኛ ጊዜ ቢሆን እኔን ለመገምገም ብቻ ሦስት ስብሰባ ይፈጅ ነበር።

በነጋታው መጀመሪያ ያገኘናት ቲማቲም ሻጭ ልጇን አዝላ ነበር። ፈርሜ የለም እንዴ አለች። እውነቱን ነገርኳት። አየት አደረገችኝና «እርስዎስ ፈርመዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልፈረምኩም ነበር። ትናንት የተቃጠለው ላይም የእኔ ስም አልነበረም። ድሮም የምፈርመው በተሰጠኝ የትግል ስም ነበር፤ ልጆቹን ስመክር ከርሜ ፈርመዋል ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ፤ የቤት ቁጥሬንም ጨመርኩ። ፈርቼ ነበር፤ ጽሕፈቴ ተንጋደደ። ሴትዮዋ ልጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ከእኔ ስም ሥር ፈረመች።